ጎንበስ ማለት ያቃተኝ ጊዜ

የስደተኛ ታሪክ ሁሉ በሌሊት ነው የሚጀምረው፤ ሰው ተደብቆ፣ ውሻ ጮኾ፣ ምናምን። የእኛ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በቢቸና ገበያ መሀል ነው። በዚያ ሁሉ ከብትና እህል ጫኝ መካከል ሁለት ሰው ቢጎድል ማን ልብ ይላል ብሎ ባሌ ይርዳው መከረ፣ እኔም እሺ አልሁ። ገበሬው አዲሱን የእርሻ ግብር አልከፍልም ብሎ ጠብ የተነሳ ጊዜ ይርዳው ሞጣ ላይ በስብሰባ ተነስቶ ተናግሮ ስሙ ተይዞበት ነበር። አገር እስኪረጋ ሱዳን ገብተን እንቆይ ተባባልን፣ ስንቃችንን በአህያ ጭነን ገበያተኛ መስለን ወጣን።

ነገር ያመጣው ስንብቱ ነው። አማቴ እመት ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመው ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ፣ ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ምራት በአማቷ ፊት ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳለች፣ ጉልበት ትስማለች፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያሻኝም። ወገቤ ግን እንቢ አለኝ። እንደ እንጨት ቀጥ ብዬ ጉልበቴን ብቻ አጥፌ ዝቅ አልሁና፣ ጭኔን ተደግፌ ተነሳሁ። እመት ጥሩወርቅ ጎረቤት እንዲሰማ አድርገው፣ "ለስንብት እንኳ ያልጎነበሰች፣ ለማን ልትጎነብስ ነው?" አሉ። እስከ ከተማው ዳር እያለቀስሁ ሄድሁ።

ከዚያ በፊት በፋሲካም እንዲሁ ሆኜባቸው ነበር። ያን ጊዜ ወገቤን አሞኝ ነው ብላቸው፣ ወገቡን የማያመው ማን አለ አሉኝ። ልፍረድ፣ እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ የሚያርሰውም ወገቤን ይላል፣ እንስራ የምታዝለዋም ወገቤን ትላለች፣ ማኅሌት ቆሞ የሚያድረውም ወገቤን ይላል። አንዱ ኩላሊት ነው ይልሻል፣ ሌላው ብርድ ነው ይልሻል። ወጌሻ በቅቤ አሽቶኛል፣ ዋግምት ታግሜያለሁ፣ ጠበልም ገብቻለሁ። በዚያ ላይ ደግሞ ይርዳው አለ። እሱ ወገቡን ሲያመው ቤቱ በሙሉ ነው የሚያመው፤ ያቃስታል፣ ይገላበጣል፣ ምሰሶ ይዞ ይነሳል። እሱ እያለ የማን ወገብ ይሰማል? እኔ ቀን ቀን እችለዋለሁ፤ ጋደም ስል ነው የሚብስብኝ።

እስከ ባሕር ዳር በእግርና በበቅሎ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ይርዳው ይጮኻል፣ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ጠረፍ ላይ አንድ ሹም ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ አስቀምጦ ይጠብቃል። ወንዱ ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ፣ ሴቱ ሁሉ እየጎነበሰ ያልፋል። እኔ ቀጥ እንዳልሁ ቀረሁ።

"ይቺ ሴትዮ የማን ልጅ ናት?" አለው ሹሙ ይርዳውን፣ እኔን ሳያይ።

"የሞጣ ሰው ናት ጌታዬ። አስተዳደጓ ነው።"

"እንግዲያስ ትሻገር። የኮራ ሰው እዚህ ሞልቶናል፣ ጥቂቱን ሱዳንም ይቻለው።"

ሌላውን ሰው ጓዙን እያስፈታ ሲያጉላላ ውሏል፤ እኛን እንዲሁ አሳለፈን። ለካስ ኩራትም ይለፍ ወረቀት ይሆናል። ኩራት ያሉት በሽታዬ መሆኑን ያን ጊዜ እኔም አላወቅሁ።

ካርቱምን ምን ብዬ ልንገራችሁ? በትውልድ አገሬ በሞጣ፣ በሐምሌ ጉም ወርዶ ከደጃፍ ሲተኛ አማርር የነበርሁት ሴትዮ፣ ያን ጉም በጆንያ ሞልቼ ባመጣሁት እያልሁ ተቀመጥሁ። ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ነፋስ ሲመጣ ቀኑ ይጨልማል፣ ጥርስ መሀል አሸዋ ይንቋቋል። ኪስራ የሚሉት እንጀራቸው የማሽላ ነው፤ ስስ ሆኖ ዓይን የለውም፣ መጀመሪያ ሳየው አዘንሁለት። ሙላህ ከሚባለው ወጣቸው ጋር ስበላው ግን ነውር የለውም። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ሳያውቁህ "ተፈደል" ብለው ገበታ ላይ ያስቀምጡሃል። ደግሞ ለሰላምታ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፣ ትከሻ መታ መታ ያደራርጋሉ እንጂ የሚጎነብስ የለም። ተመስገን፣ የእኔ አገር ተገኘ አልሁ።

ይርዳው በእህል መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማቃሰቱ በአረብኛም ሆነ። የቤቱ ባለቤት ሐጃ የሚሏት አሮጊት ናት፤ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፣ እኔ ቤት ያከራየሁት ለሰው ነው እንጂ ለግመል አይደለም፣ ወይ ሐኪም ቤት ውሰጂው ወይ ሌላ ጎረቤት ፈልጊለት አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚህ መሀል ከስቻለሁ፤ ኪስራው ስላልተስማማኝ ነው አልን። ስተኛ ልብሴ በላብ ይርሳል፤ ሙቀቱ ነው አልን። ሁሉንም በካርቱም አሳበብን። አንዱን ነገር ግን ለማንም አልተናገርሁም። ስሄድ ጫማዬ ከእግሬ ይወልቃል፣ መውለቁ ግን አይታወቀኝም፤ ዞር ስል ነው ከኋላዬ ወድቆ የማየው።

ለይርዳው ወገብ ተብሎ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ረጅም ሱዳናዊ ነው፤ አስተርጓሚያችን ከአስመራ የመጣች፣ አማርኛ የምትችል ሲስተር ነበረች። ይርዳውን ጎንበስ በል፣ ዙር፣ እግርህን አንሳ አለው። ይርዳው እየጮኸም ቢሆን ጎነበሰ፣ ጣቱ መሬት ነካ። ሐኪሙ ሳቀና፣ የደከመ ጡንቻ ነው፣ አትተኛበት፣ ተንቀሳቀስ አለው። ጆንያ ስታነሳ ጉልበትህን እጠፍ፣ ወደ ደረትህ አስጠጋው፣ ተሸክመህ ከወገብህ አትዙር፣ በጥቂት ሳምንት ይለቅሃል። ይርዳው ቅር አለው፤ ያን ሁሉ ጮኾ ትልቅ በሽታ ነበር የጠበቀ።

ሊወጣ ሲነሳ ቆቡ ወደቀ። እኔ አነሳሁለት፣ እንደ ልማዴ፤ ጉልበቴን አጥፌ ቀጥ ብዬ ወረድሁ፣ ጭኔን በእጄ እየቧጠጥሁ ወጣሁ። ሐኪሙ የሚጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠ። ቆቡን ራሱ መልሶ መሬት ጣለና ድገሚው አለኝ። ደገምሁት። ከዚያ ከሲስተሯ ጋር ተነጋገሩ።

"በአገራችሁ ለትልቅ ሰው ጎንበስ ብላችሁ እጅ ትነሱ የለም?" አለችኝ ሲስተር። "እስቲ ለሐኪሙ አሳዪው።"

ሞከርሁ። "አልችልም" አልኋት። ያን ቃል ከአፌ ያወጣሁ ያን ቀን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ኮራች ሲሉኝ፣ አልቻልሁም ማለት እንዴት እንዳልመጣልኝ እንጃ።

ሐኪሙ ጀርባዬን በጣቱ ከላይ ወደ ታች እየቆጠረ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጉብ ያለ ነገር አለ፤ ጫን ሲለው ጮኽሁ። ስተኛ ይብስብሽ እንደሆነ፣ ያልብሽ እንደሆነ፣ ከስተሽ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም አዎ አልሁ። እግርሽስ ሲለኝ የጫማዬን ነገር አወጣሁት። ይርዳው ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ።

ራጅ ተነሳሁ። ሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ጀርባ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል ተባለ።

"ሳንባ ጀርባ ውስጥ ምን አመጣው?" አለ ይርዳው። "አትስልም እኮ።"

ከሳንባ ተነስቶ በደም እየሄደ አጥንት ላይ ይቀመጣል፣ አጥንቱን ይበላዋል፣ የተበላው አጥንት ሲደረመስ ወደ እግር የሚወርደውን ሥር ይጫናል ብሎ አስረዳን። ይርዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ትሄዳለች ወይ አለው። ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ አትሄድም ነበር፣ አሁን ግን ደርሳችኋል አለ ሐኪሙ። ከዚያ ሲስተሯ ወደ እኔ ዞራ፣ "እግዚአብሔር የባልሽን ጩኸት ይባርከው፣ እሱ ነው ያመጣሽ" አለችኝ። ይርዳው እስከ ዛሬ ይህን እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ አድርጎት ይዞራል።

ብዙ ወር በጀሶ ታስሬ ተኛሁ። መርፌው በየቀኑ ነው፣ ኪኒኑ እፍኝ ሙሉ። ሐጃ፣ ያቺ ልታስወጣን የነበረችው፣ በወተት የተፈላ ሻይ በፔርሙስ ይዛ ትመጣና፣ ቤቴ ጭር ብሎብኛል፣ የሚያቃስትልኝ አጣሁ ትላለች። ወደ ጎንደር በሚመለስ ነጋዴ አፍ ለእመት ጥሩወርቅ መልእክት ላክን፤ ምራትዎ የሺ ያልጎነበሰችው በሽታ ይዟት ነው፣ አሁን መርፌ እየወሰደች ነው ብለን። መልሱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ መጣ። "ኩራት በመርፌ መዳን ጀመረ ወይ?" ብለዋል። ጀሶው እስኪያመኝ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስሁ። ድኜ ቢቸና ገብቼ ፊታቸው ካልጎነበስሁ ይህ መርፌ ከንቱ ነው ብዬ ቆረጥሁ።

ጀሶው ሲፈታ እግሬ አዲስ የተወለደ ጥጃ እግር ሆኖ አገኘሁት። አልጋ ይዤ፣ ግድግዳ ይዤ፣ የይርዳውን ክንድ ይዤ ቆምሁ፣ ሄድሁ። ጫማዬ እግሬ ላይ መቆየት ጀመረ። ጉብታው አልጠፋም፣ ዛሬም አለ፤ ከዳሌዬ መታጠፍ ግን ቻልሁ፣ መጀመሪያ እስከ ጉልበቴ፣ ቆይቶ እስከ ቁርጭምጭሚቴ። እንግዲህ አገር ቤት ያላችሁ ስሙኝ፤ ወገቡን የማያመው የለም፣ አብዛኛውም ይለቃል። ተኝቶ የሚብስ፣ ላብና ክሳት የጨመረበት፣ እግር የሚያደነዝዝ ወይም ሽንት የሚያስቸግር ከሆነ ግን ለወጌሻ አትስጡት፣ ሐኪም ይየው።

የግብሩ ነገር በርዶ እንደሆን ማን ያውቃል፣ መመለሱ ገና ነው። ስለዚህ በሚካኤል ዕለት ቢቸና ስልክ ቤት እንዲገኙ ለእመት ጥሩወርቅ አስነገርን፣ እኛም ካርቱም ስልክ ቤት ገብተን ስንጠብቅ ዋልን። መስመሩ ሲገኝ ይርዳው እየጮኸ አነጋገራቸው። ከዚያ፣ "የሺስ? ድምጿን አሰማኝ" አሉት፤ መቀበያውን ሰጠኝ። ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉንም ተውሁት። መልሼ ሰጠሁትና ነጠላዬን አደግድጌ ጎንበስ አልሁ፣ ጣቴ መሬት እስኪነካ። ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ የወደቀብኝ ነገር ያለ መስሎት አብሮኝ ወለሉን ይፈልግ ጀመር።

"ምነው ዝም አለች? ተቀይማኛለች?" ሲሉ ይሰማል።

"አልተቀየመችም እማዬ" አለ ይርዳው። "ጎንበስ ብላ እጅ እየነሳችዎት ነው።"

ሽቦው ብቻ እሽሽ ይላል። እኔ እንደጎነበስሁ ነኝ፤ ታላቅ ሰው ቀና በይ ሳይል ቀና አይባልም። ቆይቶ የእመት ጥሩወርቅ ድምፅ ተሰበረ፣ እኔም ከታች ሆኜ ሰማሁት።

"ልጄን ቀና በይ በላት። ወገቧን ያማታል።"

አላመመኝም። ጥቂት እንዲሁ ቆየሁ።