የአጥሩ ጀርባ

ወርቂቱ ያንን ገንዳ የጠላችው ገና ውሃ ሲሞላበት ነው። እጃጂ ተወልዳ፣ ባሏ ሲሞትባት ጨቅላዋን ፋንቱን አዝላ አምቦ የገባች፣ በልብስ አጠባ የምታድር ሴት ናት። ውሃ አያስፈራትም፤ ዕድሜዋን የገፋችው ክንዷን ውሃ ውስጥ ነክራ ነው። እሷ የምታውቀው ውሃ ግን ወራጅ ነው፤ እድፉን ይዞ ይሄዳል። ልብስ የምታጥብላቸው የግራዝማች ደግፌ ውሃስ? የትም አይሄድ! ከፍልውሃው በቧንቧ ተስቦ፣ ከሳሎናቸው ጎን በሲሚንቶ ተገድቦ ይተኛል። ዳር ዳሩ ዝገት መስሏል፤ እንቁራሪት ይጮህበታል። እሑድ እሑድ ደግሞ ቦርጫቸውን ያስቀደሙ እንግዶች ይንቦጫረቁበታል፤ ይተፉበታል፤ የጋጡትን አጥንት ይወረውሩበታል። ከዚያ ወጥተው «አቤት ሲያድስ!» ይባባላሉ። እፍ! ወርቂቱ የተጠራረጉበትን ፎጣ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ነበር ወደ ጓሮ የምትወስደው።

መጸየፉንስ ችላው ነበር። ያልቻለችው ፋንቱ እግር ስታወጣ ነው። ልጅቷ መሮጥ እንደጀመረች ዓይኗ ከዚያ ውሃ አልነቀል አለ። ወርቂቱ አንድ ቀን እጅ ነስታ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ውሃ ዙሪያውን ቢታጠር ምን ይመስልዎታል? ልጅ ያሳስታል» አለች።

«ልጅሽን ጠብቂያ!» አሉ ግራዝማች፣ ጋዜጣቸውን ሳያጥፉ።

ጥቂት ቆይቶ የግራዝማች የፈረንጅ ውሻ ገንዳው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አቤት የተለቀሰው ለቅሶ! ለውሻ! በሳምንቱ አጥር ሠሪው ዲንሳ ተጠርቶ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ሰው፤ እዚያ ቤት ግን ውሻ ካልሞተ ሰው አይሰማም ነበር። ቢሆንም ወርቂቱ ለውሻም ይሁን ለማንም፣ ብቻ ይታጠር ብላ ደስ አላት።

ደስታዋ ዕድሜ አልነበረውም። በአምቦ ደንብ አጥር ፊትና ጀርባ አለው። ጣውላው ቀጥ ብሎ የሚታይበት ልሙጡ ጎን ፊቱ ነው፤ እሱ ለክብር ይሰጣል፤ መንገደኛና እንግዳ የሚያየው እሱን ነው። አግድም የሚመቱት ማገሮች ያሉበት ጎን ጀርባው ነው፤ እሱ ወደ ጓሮ ይዞራል። ዲንሳ ግራዝማችን ጠየቃቸው፤ «ፊቱ ወዴት ይሁን?»

«ወደ ውሃው ነዋ! እንግዶቼ ውሃው ዳር ተቀምጠው ማገር ሊቆጥሩልኝ ነው?»

ወርቂቱ ማገሮቹ አንዱ ካንዱ በላይ እየሆኑ በጓሮው በኩል ሲመቱ አየች። መሰላል ነው! ለልጅ እግር ተለክቶ የተሠራ መሰላል! «ኦቦ ዲንሳ፣ ዓይንዎ አያይም እንዴ?» አለችው።

«ያያል፤ ምን ላድርግ ወርቂቱ? አጥሩ የሳቸው፣ ትእዛዙ የሳቸው» አለና መዶሻውን አነሳ።

ወደ ግራዝማች ሄደች። አጥሩ ይዙር ብላ ለመነች። እሳቸውም ከት ብለው ሳቁና «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ናቅሽኝ እንዴ አንቺ?» አሏት።

ከዚያ ወዲያ ወርቂቱ ልጇን በነጠላዋ ከልብስ ማስጫው ግንድ ጋር እያሰረች ታጥብ ጀመር። የወለዱትን ልጅ እንደ ፍየል ማሰር! ቋጠሮውን ባጠበቀች ቁጥር ራሷንም፣ ግቢውንም፣ የምትበላውን እንጀራም ትጠየፈዋለች። ግን ምን ታርግ? ሥራውን ብትተው የሚያበላት የለም፤ ልጇን ብትፈታ ውሃው አለ።

አንድ እሑድ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች መጡ። የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ወደ ጓሮ ብቅ ሲሉ ፋንቱን ከነነጠላው አዩአት። «ኤዲያ! ሰው ምን ይለናል? የኔ ቤት ነው ልጅ የሚታሰርበት?» አሉና በእጃቸው ፈቷት። ከፈቷትም በኋላ ያዟት እንዳይመስላችሁ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ እንግዳቸው ተመለሱ።

ወርቂቱ አንሶላ አስጥታ ዞር ስትል ነጠላዋ መሬት ላይ ተጥሏል። ቀና አለች። ፋንቱ አጥሩ ጫፍ ላይ፣ አንድ እግሯን ወዲያ አሻግራለች።

«ፋንቱ! ኮቱ! ነይ፣ እናትሽ ትሙትልሽ!»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞራ ሳቀች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይኸው ነው። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ወዲያ ወደቀች።

ወርቂቱ ያንኑ የረገመችውን ማገር ረግጣ ተሻገረች። እንግዶቹ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ቆመዋል። «ሰው ጥሩ!» ይላል አንዱ። ሰው ጥሩ! እሱ ምን ሆኖ ነው? እሷ ከነቀሚሷ ዘላ ገባች፤ ውሃው እስከ ደረቷ ነው። በእጇም በእግሯም ዳብሳ ልጅቷን አገኘቻት፤ አወጣቻት፤ ዘቅዝቃ ጀርባዋን መታች። ፋንቱ ያንን ውሃ ተፋችና ስታለቅስ፣ ወርቂቱ መሬት ተቀምጣ አቀፈቻት።

«ተመስገን» አሉ እንግዶቹ፤ ብርጭቋቸውንም ቀመሱ።

ግራዝማች ግን ዘበኛውን ተጣሩ። «ነጋሳ! ውሃውን ልቀቀው። የአጣቢ ቀሚስ በተነከረበት ማን ይዋኛል? አንቺም እድፍሽን ይዘሽ ከግቢዬ ውጪ!»

ወርቂቱ ተነሳች። ልጇን አዘለች። ከቀሚሷ ውሃ እየተንጠባጠበ ገንዳው አፋፍ ላይ ቆመች። «እሄዳለሁ ጌታዬ። እድፌን ግን ሳላይ አልሄድም» አለች።

ቢቆጧት፣ ቢገፏት ንቅንቅ አላለችም። ነጋሳም የውሃውን መውጫ ከፈተ እንጂ እሷን ጎትቶ ለማውጣት እጁ አልታዘዝ አለው። ውሃው ዝቅ፣ ዝቅ አለ። መጀመሪያ ግድግዳውን የለበሰው አረንጓዴ ዝልግልግ ታየ። ቀጥሎ አጥንቱ፣ የሲጋራው ቁራጭ፣ ያበጠ የእንቁራሪት ሬሳ፣ ከሥሩ ጥቁር አተላ። ሽታው ሲነሳ ወይዘሮ ሮማነወርቅ አፍንጫቸውን ያዙ። ጠዋት ሲዋኝ የነበረው ወፍራሙ እንግዳ አፉን ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠ።

«ከዚህ ውስጥ የኔ የቱ ነው?» አለች ወርቂቱ።

በበሩ ወጥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ወንዝ ወርዳ የሰው ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ ከጦም አዳሪ ትንሽ ይሻላል። አንድ ማለዳ መንገድ ላይ ዲንሳን መዶሻውን ይዞ አገኘችው። ከግራዝማች ቤት እየመጣ ነበር። «እሰይ! አጥሩን አዞሩት?» አለች።

ዲንሳ መሬት መሬቱን አየ። «ከፍ አርገው አሉኝ። ከጓሮ ሆኖ ውሃውን ማንም እንዳያይ።»

«ማገሩስ?»

«እዚያው በጓሮ በኩል ነው። አጥሩ ከፍ ሲል አንድ ጨመርኩበት።»

ወርቂቱ መሬት ላይ እንትፍ አለች። ፋንቱን ከጀርባዋ ቀና አድርጋ አስተካከለችና ወደ ወንዙ ወረደች።