ሸማኔው አባቴና የኋላው ቸርኬ

ባለፈው እሁድ ጠዋት፣ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ቤቴ በር ላይ ቆሜ፣ ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች አዲስ የስፖርት ልብስ ሲከፋፈሉ አየሁ። አንዱ ከካርቶን እያወጣ ያድላል። ሰውነቷ ሞላ ያለ አንዲት ልጅ ተራዋ ሲደርስ ከላይ እስከ ታች አያትና «ላንቺ የሚሆን የለም፣ ዛሬ ፎቶ አንሺን» አላት። ልጅቷ ሳቀች። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ላለማልቀስ የሚሳቅ ነው። ደሜ ፈላ! በዚህ ዕድሜዬ መንገድ ላይ መጨቃጨቅ አያምርብኝም ብዬ እንጂ ካርቶኑን አናቱ ላይ ብደፋበት ደስ ባለኝ። ልጅቷን ግን ጠርቼ ቤት አስገባኋት። የነገርኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ቀራንዮ ሰፈር ነው። አባባ በልጅነታቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔ ናቸው፤ ጴንጤ ስለነበርን በቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሽማግሌ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ሲሸምኑ የመወርወሪያው ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። እኔ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ክፍለ ሀገር ሥራ ሲይዝ ትቶት በሄደው ብስክሌት አበድኩ። ክረምቱን በጭቃ ስለፋ ከረምኩ። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅማ ማን ይያዘኝ!

ጥቅምት ላይ የሰፈር ውድድር ተዘጋጀ፤ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ተነስቶ ቡራዩ ደርሶ መልስ። ሴቶች አምስት ነን። አሰልጣኛችን ጋሽ መኮንን ለወንዶቹ የተገዛውን ቁምጣ ለእኛም አደሉን፤ ጭን ላይ ልጥፍ የሚል። «በቀሚስ የሚወዳደር የለም» አሉ። ቤት ስገባ አባባ ቁምጣውን በሁለት ጣታቸው አንስተው አዩትና «ይህን ለብሶ ከዚህ ቤት የሚወጣ የለም» አሉ። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም፣ ግን ተመካክረው የዘጉብኝ ነው የሚመስለው። እኔን የጠየቀ ማንም የለም። እውነቱን ልናገርና እኔም ቁምጣውን አልፈለግኩትም። ጭኔ ወፍራም ነው፣ የሰፈር ጎረምሳ ደግሞ አፉን አያሳርፍም። የፈለግኩት መንዳት ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ልምምድ ላይ «ቀሚስ ምን ይሆናል፣ አሳያቸዋለሁ» ብዬ በቀሚስ ወጣሁ። አይ እኔ! ቁልቁለቱ ላይ ነፋሱ ቀሚሴን ወስዶ ከኋላ ቸርኬ ውስጥ ከተተው። ራጂዎቹ፣ ማለቴ ቸርኬውን ወጥረው የሚይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ጧ ጧ እያሉ ተበጣጠሱ፤ እኔም አስፋልቱ ላይ ተዘረርኩ። ክርኔ ተላጠ። ሠሪው ጋ ብወስደው «ወረፋ አለ፣ በሳምንቱ ተመለሺ» አለኝ። ውድድሩ ቅዳሜ ነው። ጋሽ መኮንን አሮጌ ራጂ በቆርቆሮ ሰጡኝና «ከቻልሽ ራስሽ ሥሪው፣ ካልቻልሽ ለሚቀጥለው ዓመት» አሉኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ብስክሌቱን ግቢ ውስጥ ገልብጬ ጀመርኩ። ሠላሳ ስድስት ራጂ! አንዱን ሳጠብቀው ሌላው ይላላል፤ ቸርኬውን ሳሽከረክረው እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ንዴት ይዞኝ እንባዬ መጣ። አባባ ወገባቸውን ሊያፍታቱ ከጉድጓዳቸው ወጥተው ኖሯል፣ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ሦስተኛው ተሳስቷል» አሉ።

«ምኑ አባባ?»

«የፊተኛውን ቸርኬ እይው። ሁለቱን በላይ ያልፋል፣ ሦስተኛውን በታች ይገባል። አንቺ ሁሉንም በላይ አሳለፍሽው። በምን ይያያዝ? ዓይን የለሽም እንዴ?»

ብስክሌት ነክተው የማያውቁ ሰውዬ! አጠገቤ ቁጢጥ አሉና ሁሉንም ፈትተን እንደገና ጀመርን። እሳቸው ያሰባጥራሉ፣ እኔ ጫፉን አስራለሁ። ሲያልቅ ራጂዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካ ነካ እያደረጉ «ይሄ ላልቷል፣ ያኛውን ትንሽ መልሺው» ይሉኛል። ድር እኩል ካልተወጠረ ጨርቁ ይጣመማል፣ ይሄም ያው ነው አሉኝ። እማዬ የተቀቀለ ድንች በዳጣ አመጣችልንና በቅባት እጃችን በላን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ድንች የለም።

ከዚያ አባባ ዓይናቸውን ከቸርኬው ሳያነሱ «ሰው ምን ይላል የሚለውን ተዪው፤ እኔንም አሰልጣኝሽንም ተዪን። አንቺ በምን ይመችሻል?» አሉኝ።

እንዲህ ተጠይቄ ስለማላውቅ መልሱን ማሰብ ነበረብኝ።

«ጉልበቴን የሚሸፍን፣ ከላይ የማይጣበቅ፣ ከታች የሚጠብ» አልኩ በመጨረሻ።

«እህ» ብለው ተነሱ። ቅዳሜ ጠዋት ግን እሳቸው ከሸመኑት ጥጥ፣ እማዬ በእጇ የሰፋችው ሱሪ ራስጌዬ ተቀምጦ አገኘሁ። ከላይ ሰፊ፣ ከጉልበት በታች ጥብቅ። ለበስኩት። ጎንበስ ብል፣ እግሬን ባነሳ፣ የትም አይዘኝም። ደስታዬን ምን ልበላችሁ!

ጋሽ መኮንን ሲያዩኝ «ይሄ ደግሞ ሱሪ ነው ቀሚስ?» አሉ።

«ልኬ ነው» አልኳቸው።

ሳቁና አሰለፉኝ። በሶዬን ጠጥቼ ተነሳሁ። ዳገቱ ላይ የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ብርዱ፣ ከኋላዬ ጥሩንባውን የሚያንባርቅ የጭነት መኪና፤ ሁሉም አለ። ቸርኬው ግን ንቅንቅ አላለም። ከአምስት ሴት አራተኛ ወጣሁ፣ እሱም አንዷ ካቴናዋ ስለተበጠሰባት ነው። እንኳን አራተኛ ሃያኛም ብወጣ ግድ አልነበረኝም።

ዕዳው እሁድ መጣ። ከአምልኮ በኋላ ሌላው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድም፣ ልጅዎ ትናንት በአደባባይ ሱሪ ለብሳ በብስክሌት ስትበር ታየች» አሉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ሽምግልናቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። አባባ ኮታቸውን ቆለፉና «ጨርቁን የሸመንኩት እኔ ነኝ። ነውር ካለበት እኔን ጠይቁኝ፣ እሷን ተዉአት» አሉ። የጠየቃቸውም የለም።

ከዚያ ወዲህ ቸርኬ የምሠራው እቤቴ፣ በእጄ ነው። ዝግጁ ቸርኬ ሱቅ ሞልቶ ምን ያደክምሻል ይሉኛል። ራጂውን በጣቴ ስነካው ደስ ይለኛል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ልክ ሳይጠይቁ ልብስ የሚያድሉትን ግን አልምራቸውም። ወፍራም አለ፣ ቀጭን አለ፣ እግሯን መሸፈን የምትፈልግ አለች፣ መግለጥ የምትፈልግ አለች፤ ሁሉም መንገዱ ላይ ቦታ አለው። አሁን አሁን የሚጠይቁ ወጣቶች እያየሁ ነው፣ እሰይ።

አባባ ብስክሌት መንዳቴን እስኪሞቱ ድረስ አልወደዱትም። አንድም ቀን ጎበዝ አላሉኝም። በመንገድ ዳር ያጨበጨበልኝ ብዙ ሰው ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጠው። የማይወዱትን ነገር በልኬ የሠሩልኝ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።