በካውያ የደረቀው መጽሐፍ

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሁሉም ጥንቅቅ ነው የሚላት። ያወጡላት አሠሪዋ እትዬ ናቸው። መጀመሪያ ቀን የተኮሰችውን ሸሚዝ ወደ መስኮቱ ወስደው፣ አገላብጠው አይተው፣ "ይቺ ደግሞ ጥንቅቅ ያለች ናት" አሉ፤ በዚያው ቀረ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከዚያ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ስንት ሺህ ኮሌታ እንደተኮሰች እሷ አታውቅም፤ የሚያውቀው ትከሻዋ ነው። ድሮም ሰፊ ነበር፣ ካውያው ደግሞ ጨመረበት። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀልድ ሲያምረው "ሰው ቤት ሲሠራ በር ይገዛል፣ እኔ በሩን አገባሁት" ይላል። "እንግዲያው አንኳኩተህ ግባ" ትለዋለች እሷም።

ጥንቅቅ በሥራዋ የተሳሳተችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የቤቱ ሕግ፣ ኪሱ ያልተፈተሸ ልብስ ውሃ አይነካውም የሚል ነው። የዚያን ቀን ግን ልጇን ትኩሳት ይዟት፣ ልቧ ቤት ቀርቶ ስለነበር፣ የአንድ ደንበኛ ካፖርት ሳትፈትሽ ዘፈዘፈችው። ስታወጣው ከውስጥ ኪሱ ወፍራም መጽሐፍ ወጣ። ሽፋኑ ተላቆ እጇ ላይ ተፈረፈረ፤ ውስጡ ግን በክር የተሰፋ ስለነበር አልተበተነም። ሰውየው ካፖርቱን ሊወስድ ሲመጣ ሳትደብቅ ነገረችው። ሳቀና፣ ቤቴ ሌላ አለኝ፣ ይኸኛው ያንቺ ይሁን ብሏት ሄደ።

ያበላሸችውን ሳታስተካክል የምትተኛ ሴት አይደለችም። መጽሐፉን ሙቁ ክፍል ውስጥ ገላልጣ አቆመችው። ውሃው ሲመጠጥ ካውያዋን ለሐር እንደምታደርገው አቀዝቅዛ፣ ስስ ነጭ ጨርቅ እያለበሰች፣ በምሳ ሰዓቷ ገጽ በገጽ ትተኩሰው ጀመር። ሦስት መቶ አርባ ገጽ ነው። አንዱ ገጽ እስኪበርድ ቀጣዩን መንካት አይቻልም፤ እስኪበርድ ታነባለች። እንዲህ እያለች በአምስት ሳምንት ጨረሰችው። ጀርባውን በክር አጠንክራ፣ ሸሚዝ በሚጠቀለልበት ቡናማ ወረቀት ለብጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መጽሐፉ "ቀዛፊዋ" ይባላል። ያላነበበው ሰው ጥቂት ነው። ድልድይ ይሠራላችኋል እየተባለ ዓመት በሚቆጠርበት ወንዝ ላይ ሰው በጀልባ የምታሻግር ሴት ታሪክ ነው፤ በመጨረሻ ጎርፍ ሲመጣ፣ አትሂጂ እያሏት፣ መንደሩን በሙሉ ታሻግራለች። ጥንቅቅ ይህችን ሴት እንደ እህቷ ወደደቻት። እጇ ሲዝል፣ "ቀዛፊዋ ብትሆን አሁን ታርፍ ነበር?" ብላ ራሷን ትጠይቅና አንድ ሸሚዝ ትጨምራለች።

ከዓመት በኋላ መጽሐፉ ፊልም ሊሆን ነው ተባለ። የፊልሙን ልብስ የምታዘጋጅ ሴት አንድ ሻንጣ ሙሉ ቀሚስ ይዛ እትዬ ዘንድ መጣች፤ ታጥቦ ይተኮስልኝ አለች። ጥንቅቅ አንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትከሻውን በስንዝሯ ለካችው።

"የማን ነው ይሄ?"

"የቀዛፊዋ ነዋ።"

"የየትኛዋ ቀዛፊ? ይሄ እኮ አንዴ ስትቀዝፍ ይተረተራል።"

ሴትየዋ ሳቀች። ቀሚሱ በአንዲት ዝነኛ ተዋናይ ልክ የተሰፋ እንደሆነ ነገረቻት፤ ገና አልፈረመችም እንጂ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እሷን ነው። ነገሩን ግን ወስዳ ለዳይሬክተሯ አወራችው። በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሯ ራሷ ከች አለች። መነጽር ያደረገች፣ አጭር፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት። የምትተኮስ ጃኬት ይዤ መጣሁ ብላ ጥግ ላይ ተቀምጣ፣ ጥንቅቅ አንሶላ ስትገለብጥ፣ ስትቆጣ፣ ከእትዬ ጋር ስትሳሳቅ አንድ ሰዓት ሙሉ አየቻት። ከዚያ ሁለት ገጽ እንድታነብላት ጠየቀቻት። ጥንቅቅ መጽሐፉን ሳትከፍተው አንዱን ገጽ በቃሏ ወጣችው። ሦስት ጊዜ በካሜራ ፈተኗት፤ ሦስተኛው ላይ ዳይሬክተሯ አለቀሰች። የቀዛፊዋ ሚና ለጥንቅቅ ተሰጠ።

ቀዛፊዋ ይቺ ናት ተብሎ ፎቶዋ በወጣ ማግስት አገር ተደበላለቀ።

የመጽሐፉ ወዳጆች ኢንተርኔት ላይ የሚሰባሰቡበት ገጽ አላቸው። ከአንድ ሺህ በላይ አስተያየት ተጻፈ። አንዱ ልጅነቴን መልሱልኝ ይላል። ሌላዋ፣ ቀዛፊዋን ያየኋት በሕልሜ ነው፣ ይቺ አይደለችም ትላለች። አንዱ ደግሞ፣ "ይቺ ቀዛፊዋ ሳትሆን ጀልባዋ ናት" ብሎ ጻፈ። የተያዘው ይኸኛው ነው። ሁለት ቀን ሳይሞላ ሰው ሁሉ ጀልባዋ ይላት ጀመር። ዳቦ የምትሸጥላት ልጅ ሳትቀር ሳቋን ዋጥ አድርጋ ነው ሳንቲም የምትመልስላት። እትዬ ስልክ አያነቡም፤ ከጥንቅቅ ጋር የምትተኩሰው ባልደረባዋ ስታነብላቸው ሰምተው፣ እነዚህ ሰዎች የሚተኩሱት ልብስ የላቸውም እንዴ ብለው ጠየቁ።

ለራሷ ብትሆን ትስቅበት ነበር። ልቧን የነካው ሌላ ነገር ነው። የአሥር ዓመት ልጇ በትከሻ እናቷን ነው የወጣችው። ትምህርት ቤት "የጀልባዋ ልጅ፣ ታንኳ" የሚል ስም ወጥቶላት ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። ጥንቅቅ የነቃችው ልጅቷ በር ስታልፍ ሁለት ትከሻዋን ወደ ደረቷ ሰብስባ፣ ዕቃ እንዳይነካት የፈራች ይመስል ጠባ ስታልፍ አይታ ነው። በማግስቱም እንደዚያው አለፈች።

በዚያው ሳምንት ዳይሬክተሯ ደወለች። የማትዋሽ ሴት ናትና እቅጩን ነገረቻት፦ እኔ የምፈልገው አንቺን ነው፤ የፊልሙ ባለቤት ግን ፈርቷል። ቅዳሜ ጠዋት የአንባቢዎቹ ማኅበር በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠርቷል፣ እሱም ይመጣል። አንባቢዎቹ ካልበረዱ ዝነኛዋን ሊያስፈርም ነው። መቅረት ከፈለግሽ አልቀየምሽም አለቻት።

ባሏም ቅሪ ነው ያለው። ሚስቱ ስትሰደብ እያነበበ ሦስት ቀን እህል አልዋጥልህ ብሎታል። "ተይው በቃ። እኛ ምን ጎደለን? ሥራ አለሽ፣ ስም አለሽ። ምን አባታቸው ብለሽ ነው የሰው ፊት የምትቆሚው?"

ልጅቷ ደብተሯን ታቅፋ ከጓዳ ወደ ሳሎን በሩን እንደለመደችው ጠባ አለፈች። ጥንቅቅ ልጇ እስክታልፍ ጠበቀችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"እኔ ብተወው ይቺ ልጅ ትከሻዋን የት ታድርገው?" አለችው።

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ከልጃቸው ጋር መጣ፤ ኮሌታው ተጨማዶ ነበር፣ ምንም አላለችውም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የፊልሙ ባለቤት ከፊት ወንበር ላይ ስልኩን እያሻሸ ተቀምጧል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጨዋ ሰው፣ መጽሐፉን አሥራ አራት ጊዜ ያነበቡ። ሲናገሩም ሊያስቀይሟት አልፈለጉም። "የኔ ልጅ፣ አንቺን ለመንካት አይደለም" ብለው ጀመሩ። "እኛ ግን ከዚህች ሴት ጋር ዕድሜ ልካችንን ኖረናል። ቀዛፊዋ ሸንበቆ ናት። ጸጉሯ ወገቧ ላይ ይወርዳል። አንቺን እያየን እሷን እንዴት እንመን?"

ሰው አጨበጨበ። ጥንቅቅ ተነሣች። ድምፅዋ እትዬን ከእንፋሎቱ ማዶ የምትጣራበት ድምፅ ነበር።

"አባባ፣ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?"

"ምኑ?"

"ሸንበቆነቷ።"

መምህሩ መጽሐፋቸውን ከፍተው ይፈልጉ ጀመር። በየወንበሩ ገጽ መገለጥ ጀመረ፤ የወረቀት ኮሽታ ብቻ ይሰማል። ጥንቅቅ ቡናማ ወረቀት የለበሰውን መጽሐፏን ከቦርሳዋ አወጣች። ኪስ ሳትፈትሽ እንዴት እንደዘፈዘፈችው፣ እንዴት እንዳደረቀችው ሳታሳጥር ነገረቻቸው፤ አንዳንዱ ሳቀ።

"እኔ ይሄን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ተኩሼዋለሁ" አለች። "ያላለፍኩበት መስመር የለም። ጸጉር ሁለት ቦታ አለ። ዘጠና አራት ላይ ያለው የፈረስ ነው። መቶ ሰባ ላይ ያለው የእሷ ነው፤ በበሽታው ዓመት ተላጨችው፣ ከዚያ ወዲህ አላስረዘመችውም ይላል። እስቲ ደግሞ ሃያ ሦስትን ይግለጡልኝ፣ ጮክ ብለው ያንብቡት።"

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ገለጡ። ማንበብ ሲጀምሩ ድምፃቸው የለመዱት የመማሪያ ክፍል ድምፅ ነበር፤ እየቆየ ቀዘቀዘ።

"'ጀልባዋን ገልብጣ በትከሻዋ ተሸክማ ስትወርድ፣ ከኋላ ላያት ጀልባ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስል ነበር። ዳር ላይ የተቀመጡት ሥራ ፈቶችም በሳቅ እየተንፈቀፈቁ፣ ጀልባዋ መጣች፣ ጀልባዋ መጣች ይሉ ጀመር።'"

"አያችሁ" አለች ጥንቅቅ፣ "ስድባችሁ አዲስ አይደለም፣ መጽሐፉ ውስጥ አለ። የተናገሩትም እነማን እንደሆኑ ተጽፏል። ጎርፉ ሲመጣ እነዚያንም አሻግራቸዋለች፤ ያ ደግሞ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነው።"

መምህሩ መጽሐፋቸውን ዘግተው ሽፋኑን አዩት። ሽፋኑ ላይ ቀጭን ሴት ጸጉሯን ለነፋስ ለቅቃ ቆማለች፤ መቅዘፊያውን የያዘችው እንደ ጃንጥላ ነው። አሥራ አራት ጊዜ ሲያነቡ አሥራ አራት ጊዜም እሷን ነው ያዩት። ሳቅ መጣባቸው፤ የሚያፍር ሰው ሳቅ። "ሥዕሉን የሠራው ልጅ መጽሐፉን አላነበበውም" አሉ፣ "እኔም እንደዚያው ነኝ ለካ።"

ሁሉም ግን አልተረታም። ከኋላ አንዲት ወጣት ተነሥታ፣ የተባለው እውነት ቢሆንም እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የወደድኳት ቀጭኗን ነው፣ አሁን ማን ይመልስልኛል አለች። እልኸኛ አልነበረችም፣ ከልቧ ነው ያዘነችው። ጥንቅቅም አልተቆጣቻትም።

"ውደጃት እህቴ፣ ማንም አይቀማሽም። እኔ ግን የምሠራው የተጻፈችውን ነው።" ከዚያ ወደ ፊልሙ ባለቤት ዞረች። "ሰኞ የሆቴል አንሶላ ይጠብቀኛል፤ ከዚያ በፊት ይንገሩኝ። ከመጣሁ ከነትከሻዬ ነው የምመጣው፣ የምቀንሰው የለኝም።"

መጽሐፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ልጇን ይዛ፣ በመሐል መተላለፊያው ወጣች። ሰውየው እሑድ ከሰዓት በኋላ ራሱ ደወለ። አጭር ነበር፤ ቀሚሱ በትከሻሽ ልክ እንዲሰፋ አዝዣለሁ አላት።

ስድቡ በዚያ አላበቃም። ፊልሙን አላይም ብለው የማሉ ነበሩ፣ ምናልባትም አላዩት ይሆናል። ጥንቅቅ ለማንም መልስ አልጻፈችም። ወንዙ ላይ ቀረጻ ሲጀመር መጀመሪያ ቀን ጀልባዋ ባለችበት እየዞረች አልሄድ ብላት ሠራተኛው ሁሉ ሳቀባት፤ እሷም አብራ ሳቀች። ያስተማሯት ሽማግሌ ቀዛፊ፣ ከእጅሽ ሳይሆን ከጀርባሽ ነው አሏት። ከጀርባ መሥራትን ካውያው አስተምሯት ነበርና በአራተኛው ቀን ማዶ ደረሰች። ቀረጻው ሲያልቅ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች፤ እትዬ ቦታዋን ለማንም አልሰጡም ነበር።

ፊልሙ በወጣ በሁለተኛው ወር አሳታሚው "ቀዛፊዋ"ን እንደገና አተመ። አምስት ቅጂ በካርቶን አድርገው ማጠቢያ ቤቱ ድረስ አመጡላት። ሽፋኑ ላይ እሷ ናት፤ ጀልባ የተሸከመች፣ ትከሻዋ ከዳር እስከ ዳር የሞላው። እትዬ አይተው፣ መስታወት ውስጥ አስገብተን እንስቀለው አሉ። ባልደረባዋ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ጥንቅቅ ትንሽ አየችው። አማረ አለች፤ ቁም ነገሯ ነበር። ከዚያ ከመደርደሪያው ቡናማውን ወረቀት ስባ አምስቱንም አንድ በአንድ፣ ጠርዙን በካውያ እየተጫነች፣ ለበጠቻቸው። ከትምህርት ቤት የመጣችው ልጇ አጠገቧ ቆማ እያየች ነበር፤ አንዱን ሰጠቻት።

"አንብቢው። ከጨረስሽ በኋላ ወረቀቱን ትቀጂያለሽ።"

"ሽፋኑ ላይ ያለሽው አንቺ እኮ ነሽ፣ እማዬ።"

"እሱን ብዬ ነው የሸፈንኩት። መጀመሪያ የራስሽን ቀዛፊ እያት።"

ልጅቷ መጽሐፉን ከፍታ እያነበበች ወደ ውጭ አመራች። ሁለቱም እጆቿ ተይዘው ነበርና በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።