እማዬና የሲኞራ ሮዛ ጤና አዳም

ፍርድ ቤት ገብቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው መስከረም ግን ምድር ቤት የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤታችን ሲኞራ ሮዛ «ሳታስፈቅድ ግቢዬ ገብታለች» ብለው እማዬን ከሰሷት። እውነታቸውን ነው፤ ጤና አዳም ልትቀነጥስ ገብታለች።

«ለአንድ ዘለላ ጤና አዳም ደግሞ ማን ያስፈቅዳል?» ትላለች እማዬ።

«የፍርድ ቤት ጣልያንኛ አይገባኝም» ስላለች ዳኛዋ እኔ እንዳስተረጉም ፈቀዱ። ፔርሜሶዋ፣ የጣልያን የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሊታደስ አንድ ወር ነበር የቀረው። ከተፈረደባት የሚከለክሏት መስሎኝ ፈራሁ።

«ገብተዋል?» አሉ ዳኛዋ።

«ሦስቴ ገብቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ በያቸው» አለችኝ እማዬ በአማርኛ።

እኔ ግን ቀስ ብዬ በጣልያንኛ «አልገባችም» አልኩ።

ይቺን እንኳ እማዬ ሰማቻት። ክንዴን ቆንጥጣኝ፣ ሦስት ጣቶቿን አውጥታ «ትሬ ቮልቴ፣ ሲኞራ» አለች።

ሲኞራ ሮዛ ብድግ አሉ። አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ሦስቴ!» ብለው ከኋላቸው ወደተቀመጠው ልጃቸው ዞሩ። «ሰማህ? አርጅተሻል፣ የሌለ ሰው ነው የሚታይሽ ስትለኝ አልነበር? ክብርት ዳኛ፣ ክሴን ትቻለሁ!»