ከስሜ በላይ የተጻፈችው

ጎረቤቴ ያረረ ድስት በቢላዋ ስትፍቅ፣ ያ ቅርፍ ቅርፍ የሚል ድምፅ በግድግዳው በኩል ሲመጣ፣ የያዝሁትን ትቼ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ። ቁስቋም ባደግሁበት ቤት ይህ የአባቴ የሥራ ድምፅ ነበር። አባቴ ቁም ጸሐፊ ስለነበረ፣ ብራና ላይ የተሳሳተውን ፊደል በስለታም ካራ ይፍቅና፣ ብናኙን እፍ ብሎ አራግፎ፣ «የተፋቀ ስሕተት እንዳልተሠራ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም አምኜው ነበር።

ለእናት ለአባቴ አንድ ነበርሁ፤ ብርቄ ብሎ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። ክረምት ገብቶ ደጁ በጭቃ ሲያዝ፣ እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲጽፍ፣ እኔ በቀኙ ሆኜ የቀለሙን ቀንድ እይዝለት ነበር። ያችን ቦታ እናቴ እንኳ አትደፍራትም።

ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት ሆኖት፣ እኔም ዘጠኝ ሞልቶኝ፣ በሰኔ መጨረሻ አንድ ቄስ ከጃናሞራ ወርዶ፣ በጦርነቱ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ተደብቆ የቆየውን የአያቶቻችንን ዳዊት ለአባቴ አስረከበው። በመጨረሻው ቅጠል ላይ የዘመዶቻችን ስም በትውልድ ተራ ተጽፎ ነበር። አባቴ በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ፣ ከራሱ ስም በታች ሲደርስ እጁ ቆመ። በጦርነቱ የሞተው ቄስ ወንድሙ፣ «ወለተ ኪዳን ልጁ፣ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች» ብሎ ጽፏል። አባቴ ከእናቴ በፊት ጃናሞራ ሌላ ሚስት እንደነበረችው፣ እሱ በአርበኝነት ዱር ሳለ በወሊድ ሞተች፣ ልጇም አብራት ተቀበረች ተብሎ እንደተነገረው ያን ቀን ሰማሁ።

«ሰማንያ ቀን!» አላት እናቴን። «ከእናቷ ጋር ሞታ ቢሆን ማን ያጠምቃት ነበር? ልጄ አልሞተችም!»

«ልጄ» ሲል ቀና ብዬ አየሁት፤ እኔን ማለቱ አልነበረም። ከዚያ ብርዑን ነክሮ ከእሷ ስም ሥር የእኔን የክርስትና ስም፣ ወለተ ሐናን፣ ጻፈ። ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው። እኔ ግን ሁለተኛ መሆኔን በዓይኔ አየሁ፤ ሳላያት ጥርስ ነከስሁባት።

ክረምቱን ሙሉ በየቅዳሜው ገበያ እየወጣ፣ ከደጋ ገብስ ጭኖ የመጣውን ሁሉ ሲጠይቅ ይውል ነበር። ቤት ሲመለስም ብዙ አይጽፍም፤ እኔ ቀንዱን ይዤ ቁጭ ብዬ ቀለሙ ይደርቅ ነበር። እናቴ ደግሞ ባሰች፤ ለመስቀል የገዛችልኝን አቡጀዴ ለሁለት ቀድዳ ግማሹን ሣጥን ውስጥ ከተተችና፣ «እኅትሽ ስትመጣ ምን ትልበስ?» አለችኝ። የመስቀል ቀሚሴ ጉልበቴ ላይ ቀረ።

በጥቅምት ወንዞቹ ሲጎድሉ ወሬዋ ተገኘ። የእናቷ እኅት መካነ ብርሃን አጠገብ አሳድጋት ኖሯል። አባቴ ዳዊቱን፣ «አንዴ ጠፍቶ የተገኘ መጽሐፍ ወንዝ አላሻግርም» ብሎ ቤት ትቶ፣ በቅሎ ጭኖ ሄደ። በሄደ በሦስተኛው ቀን እናቴ ውኃ ስትወርድ፣ ካራውን አውጥቼ፣ እሱ እንደሚያደርገው ብራናውን ወጥሬ፣ የእሷን ስም እስከነሰማንያ ቀኗ ፋቅሁት። ብናኙንም እፍ አልሁት። እንዳልተሠራ ሆነ።

በኅዳር አባቴ ልጅቱን ሳይሆን የአክስቷን ባል፣ አያ ቢተውን፣ ይዞ ተመለሰ። ሽማግሌው ገና ሳይቀመጡ ነገሩን አስረዱ፦ «ሚስቴ ያሳደገቻትን ልጅ አባቷ ነኝ ላለ ሁሉ አትሰጥም። የወንድምህን የቄሱን እጅ ጽሕፈት አውቃለሁ፤ በዓይኔ ካየሁ ልጅቱ የአንተ ናት፤ ካላየሁ በመጣሁበት እመለሳለሁ።»

አባቴ ዳዊቱን እየሳቀ ገለጠ። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ፤ ቅጠሉን ገልብጦ አየ፣ መልሶ ገለበጠ፣ እንደ ዓይነ ስውር በመዳፉ ዳሰሰው። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ የፋቅሁት!» አልሁ፣ ሳላስበው። «ምነው ከእኔ በላይ ትጻፋለች? ምነው ቀሚሴን ትወስዳለች?»

እናቴ ልትመታኝ ስትነሣ አያ ቢተው በዱላቸው ከለከሏትና፣ ዳዊቱን ወደ በሩ ብርሃን ወስደው የሳሳውን ብራና በአውራ ጣታቸው አሹት። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

«ያልነበረ ስም አይፋቅም፤» አሉ። «ደግሞስ ለባዳ ማን እንዲህ ይቀናል? እኅቷ ብትሆን ነው እንጂ! ምቀኛ አታሳጣኝ ማለት ይሄው ነው። ከዚህች የበለጠ ሸጋ ምስክር ከየት ይመጣል? መጥተህ ልጅህን ውሰድ።»

ላስቀራት ብዬ እኔው ራሴ ጎትቼ አመጣኋት።

ለጥምቀት ደረሰች፤ የዓለም ስሟ ስንዱ ነበር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ግማሹን አቡጀዴ ስትለብስ ከእኔ ይልቅ ያማረባት። አባቴ አልመታኝም። ቀንዱን አስይዞኝ፣ እሷን በግራው አስቀምጦ፣ ስሟን በፋቅሁት ቦታ ላይ መልሶ ጻፈ። የተፋቀ ብራና ቀለም ስለሚጠጣ ፊደሉ ተነፋፍቶ ወፈረ፤ ከቅጠሉ ሁሉ እሷ ብቻ የምትታይ ሆነች።

ዳዊቱ ዛሬ እኔ ቤት ነው። አምና ስንዱ ስታርፍ፣ ለፍትሐቷ የክርስትና ስሟን ሲጠይቁኝ፣ በቃሌ እያወቅሁት ያንን ቅጠል ገለጥሁ። የእኔ ስም ደብዝዞ በመነጽር እንኳ አልለየው አለኝ፤ የእሷ ጥቁር እንዳለ ነው። ያኔ በስም ቀደመችኝ፤ አሁን ደግሞ አባቴ ዘንድ ቀድማኝ ሄደች፣ በቀኙም ተቀምጣ ይሆናል። ሰባ ዓመት አልፎኝም ቀናሁባት። ያኔ ግን ቅናቴን የምነግረው ሰው ሞልቶ ነበር፤ ዛሬ ለማን እንደምናገረው አላውቅም።