ብረት የሌለው ቤዝ

ባለፈው ሳምንት ቡሌ ሆራ ሠርግ ቤት ተቀምጬ የቤዝ ጊታር ድምፅ ስሰማ፣ ነገሌ የነበረው ቤታችን ትዝ አለኝ።

አባቴ የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ቤዝ ይጫወት ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ጓደኞቹ ወደየአገራቸው ሄዱ፤ እናቴ ሞታ ስለነበር እሱ ከእኔና ከጊታሩ ጋር ቀረ። የጊታሩ አንገት ላይ ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳዩትን ብረቶች ራሱ ነቅሏቸዋል። የድምፅ ማጉያ ስላልነበረን የጊታሩን ጫፍ ከቁምሳጥኑ ጋር ያስነካዋል፤ ያኔ እንጨቱ በሙሉ ያጉረመርማል።

አንድ ቀን ከሰዓት ጣቱን ክሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያንሸራትት ቆይቶ፣ "ነይ እስቲ፣ ይቺን ድምፅ ሳታቋርጪ ያዢልኝ" አለኝ።

"ለምን?"

"ሌላ ሰው ከሌለ ልክ መሆኔን በምን አውቃለሁ?"

ነገሩ ባይገባኝም "አአአ" እያልኩ ያዝኩለት። ጣቱን ጥቂት ሳብ ሲያደርግ የእኔና የጊታሩ ድምፅ ገጠመ፤ ቁምሳጥኑ ወፍራምና ለስላሳ ድምፅ አወጣ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው የጎረቤት ልጅ ጫልቱ ከደጅ "ኮቱ፣ ነይ እንጫወት!" ብላ በኦሮምኛም በአማርኛም ስትጣራኝ ትቼው ሮጥኩ።

ስመለስ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አልጋ ስር ከቶታል።

"ደክሞሽ ነው አይደል?" አለኝ።

"አዎ" ብዬ ዋሸሁት። ከዚያ ወዲያ ድምፅ እንድይዝለት ጠይቆኝ አያውቅም።

ሠርግ ቤቱ ውስጥ ይህን እያሰብኩ ምግቡን ሳልነካ ስቆይ፣ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ሳህኔን አይተው፣ "ልጄ፣ ምነው አትበዪም?" አሉኝ።

"ሰው እየጠበቅኩ ነው" አልኳቸው። እንደዚያን ቀኑ ዋሸሁ፤ የምጠብቀው ሰው አልነበረም።