ጥላው የዞረበት በር

ወንድም ጋሼ ጅቡቲ ሆስፒታል የተኛው አዲሱ ባቡር ገና ሳይጀምር፣ የአገራችን ዕቃ በከባድ መኪና በሚጓጓዝበት ዘመን ነው። እሱ ሹፌር ነበር፤ እኔ እዚያው ለነጋዴዎች የወደብ ጉዳይ የምጨርስ ትራንዚተር። ለመጫን ተራ ሲጠብቅ ደረቱን ይዞ ወደቀና ጓደኞቹ ወስደው አስተኙት። ፈረንሳይኛም ሶማልኛም ስለማይችል ሐኪሙ የሚለውን ለእሱ፣ እሱ የሚለውን ለሐኪሙ የማደርስ እኔ ብቻ ነበርኩ። "አትጥፋብኝ" አለኝ መጀመሪያ ቀን። "አንተ ከሌለህ እዚህ ብሞት እንኳ መሞቴን የሚነግረኝ ሰው የለም።" ቀልዱ እንደዚህ ነበር።

ሆስፒታሉ ረጅም ነጭ ሕንፃ ነው። በሁለቱም ወገን በር አለው፣ በሁለቱም ወገን ደረጃ አለው፤ ፎቁ ላይ ያሉት ኮሪደሮች ደግሞ እንደ መንታ አይለዩም። በየማዕዘኑ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ የተጻፈ፣ ቀስት ያለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ፈረንሳይኛ አነባለሁ፣ ግን አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ይሄ የሥራችን አመል ነው። ወደብ ውስጥ የቢሮ ቁጥር የሚፈልግ ትራንዚተር ጀማሪ ብቻ ነው። ማኅተም የያዘው ሰውዬ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይቀመጣል፤ ስለዚህ እኛ በር አንይዝም፣ ሰው እንይዛለን። ከወፍራሙ ዘበኛ ጎን፣ ሲጋራ ከሚያጨሰው ሰውዬ ፊት ለፊት፣ እየተባለ ነው የሚኬደው። ሆስፒታሉንም እንደዚያው ያዝኩት። በቴርሞስ ሻይ የምትሸጥ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴትዮ አለች፤ አጠገቧ ምንጣፍ ላይ የተጋደሙ አስታማሚዎች አሉ። እነሱ ባሉበት በር ገብቼ ደረጃውን እወጣለሁ፣ ወደ ግራ እታጠፋለሁ፣ ሦስተኛው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ።

የምጠይቀው ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ነበር። አንድ ቀን ግን አይቼው ልወጣ ስል የማንጎ ጭማቂ አማረኝ አለ። ምኒልክ አደባባይ ካሉት ካፌዎች በአንዱ አስቀዳሁለት፤ መንገድ ላይ የሥራ ጉዳይ ያዘኝና የተመለስኩት ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ከተማው ጫቱን ተቀብሎ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ሙቀቱ ናላ ያዞራል። አንገቴን እንደደፋሁ ቢጫውን ሻሽ ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ ከምንጣፉ ጎን አልፌ ገባሁ። ደረጃውን ወጣሁ፣ ወደ ግራ ታጠፍኩ፣ ሦስተኛው ክፍል ገባሁ።

መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ባዶ ነበር። ፍራሹ ተጠቅልሎ እግርጌው ላይ ቆሟል፤ የአልጋው ሽቦ ይታያል። ጎኑ ያለው አልጋ ላይ የማላውቀው ሽማግሌ ተኝቷል። በሽተኛ መቼም ይቀያየራል፣ ስለዚህ አልገረመኝም። ማንንም አልጠየቅኩም።

ሁለት እጄን አናቴ ላይ ጭኜ ጮኽኩ። በአገራችን ደንብ ደረቴን እየመታሁ፣ ወንድም ጋሼ እያልኩ፣ እናታችን ምን ሆና እንዳሳደገችው እየዘረዘርኩ አለቀስኩ። አባታችን ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። የማያውቁኝ በሽተኞች ከየአልጋቸው ተነሱ። ሽማግሌው የግሉኮሱን መስቀያ እየጎተተ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና በዓረብኛ ጸለየልኝ። ባሏን የምታስታምም አንዲት የአፋር ሴት ውሃ አጠጣችኝ፤ እሷም አብራኝ አለቀሰች። ሲወጣልኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ውስጤ ምንም አልቀረም።

ነርሷ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። የወንድሜን ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ክንዴን ይዛ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ወደ ሌላኛው ወገን ወሰደችኝ። ጠዋት የምገባበት በር በዚያ በኩል ነበር። ፀሐይዋ ስትዞር ጥላውም ዞሯል፤ ሻይ ሻጯ ቴርሞሷን፣ አስታማሚዎቹ ምንጣፋቸውን ይዘው ጥላውን ተከትለዋል፣ እኔ ደግሞ እነሱን። የዚያ የባዶው አልጋ ሰውዬ ድኖ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቱ ገብቷል።

ወንድም ጋሼ ትራሱን ደገፍ ብሎ ተቀምጧል።

"የት ጠፋህ አንተ? ጭማቂውስ?"

ጭማቂውን እዚያኛው ክፍል ጥዬው መጥቻለሁ። "መንገድ ላይ ጠጣሁት" አልኩት።

"ሆዳም! ከልጅነትህ እንደዚሁ ነህ" ብሎ ሳቀ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አሁን ያለቀስኩለት ሰው ተቀምጦ ይሰድበኛል፤ እኔ ግን ፊቱን እያየሁ ምንም አልተሰማኝም። ላቡን ጠረግኩለት፣ ትራሱን አስተካከልኩለትና ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ሞተ። አጠገቡ ነበርኩ። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ነገረኝ፣ እኔም በፈረንሳይኛ አመሰገንኩት። አስከሬኑ ወደ አገር የሚገባበትን ጉዳይ እንደማንኛውም ጭነት ጨረስኩ። ካርቲየ 1 ያለችው ቤቴ በሹፌሮች ተሞላች። እነሱ ሲያለቅሱ እኔ ወንበር አቀርባለሁ፣ ውሃ አዞራለሁ። አንዱ ለሌላው "ልቡ ድንጋይ ነው" ሲለው ሰማሁ። አልተቀየምኩትም።

ሰዉ ሲበተን እህታችን እትዬ ከአገር ቤት ደወለች፤ ከእሱ ታንሳለች፣ ከእኔ ትበልጣለች። ድምፅዋ በልቅሶ ተዘግቷል።

"ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ ያንተ ድምፅ አልተሰማም አሉኝ" አለች። "ለወንድም ጋሼ አላለቀስክለትም?"

"አልቅሼለታለሁ፣ እትዬ።"

"መቼ?"

"ሳይሞት።"

ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እሱ ሰምቶሃል?" አለችኝ።

"አልሰማም" አልኳት። "ሌላ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።"